ድሜጥሮስና የስሌቱ ነገር

በዚህ ዕትም ሕይወቱን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ከፈረስ ቤትም ሆነ ከቡሬ የመጣና የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ፣ ባሕረ ሐሳብ ሲነሣ የድሜጥሮስን ስም ሳይሰማ አይቀርም።

ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው መነሻው ገበሬ ነው፤ ወይን የሚኮተኩት፣ ባለትዳር፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው። ከሱ በፊት የነበረው ዩልያኖስ ሊሞት ሲል፣ ያለ ወራቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው ተተኪው እንደሚሆን በራእይ ተነገረው፤ ዘለላውን ይዞ የመጣውም ድሜጥሮስ ሆነ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ189 እስከ 232 ዓ.ም. በመንበሩ ተቀመጠ። ታላቁን መምህር ኦሪገንን በወጣትነቱ የሾመውም፣ ኋላ የተጣላውም እሱ ነው፤ ይህን እንለፈው።

እኛን የያዘን ስሌቱ ነው። ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ያዘ ይባላል። 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ተባዝቶ ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ነው። እስቲ በ2017 እንሞክረው። 5500 ሲጨመርበት 7517፤ በ19 ሲካፈል ቀሪው 12፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ድምሩ 33፣ ሲገደፍ 3። ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ዋለ። ዝንፍ የለም!

ታዲያ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ጨረቃ ለምን እንዲህ ትሄዳለች ቢለንስ? 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ስለሆኑ ከ365 የሚጎድሉት 11 ናቸው እንላለን። 354ቱስ ከየት መጡ? እዚህ ላይ ስሌቱ ዝም ይላል። ልጁን ግን ዝም ማሰኘት የለብንም። ጨረቃ ባለችበት ርቀት የምድር ስበት በስንት ቀን እንደሚያዞራት የሚያስረዳው ንድፈ ሐሳብ፣ የኒውተን ሥራ፣ የታተመው በ1687 ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሞዴልም ቢሆን ቁጥር በማውጣቱ ብቻ ምክንያት ነገረን ማለት አይደለም።

ሲሳሳቱም እኮ አንድ አይደሉም። 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለያያሉ፤ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ስሌቱ ይህን ከራሱ አያውቅም፤ ሰማይ አይቶ የሚያርመው ሰው ይፈልጋል። ዩራነስ ግን ከተሰላለት መንገድ ሲወጣ፣ ሊቃውንቱ በስበት ንድፈ ሐሳብ ተመርተው የሚስበውን ያልታየ አካል ፈለጉ፤ በ1846 ኔፕቲዩን ተገኘ።

ድሜጥሮስ በየዓመቱ ጥቅምት 12 ቀን ይታሰባል። የ2019ን ፋሲካ አስልቶ ያወጣ ሰልጣኝ ከነአሠራሩ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ይለጥፍልን።