የአሥር ሰዓቷ እመቤት

ምሳ ከተበላ ቆይቷል፣ እራት ደግሞ ገና ነው። ሆድ ግን ይሉኝታ የለውምና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መጮህ ይጀምራል። የእኛ ሰው ለዚህች ሰዓት መቅሰስ የሚል ስም ካወጣላት ቆይቷል። ቆሎም ትሁን ዳቦ በሻይ፣ የተገኘችው ትቀመሳለች። እንግሊዞች ደግሞ ለዚህችው ሰዓት ትልቅ ሥርዓት አበጅተውላታል፤ የከሰዓት በኋላ ሻይ ይሏታል። ይህ ሥርዓት በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አንድ ስም አለ። የቤድፎርድ ዱቼዝ አና ማሪያ ረስል! እኔም ለዛሬ የመረጥኩት የእኚህን ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ለምን እንደመረጥኩት እየቆየን እንደርስበታለን። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አና ማሪያ ስታንሆፕ የተወለዱት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 ነው። አባታቸው ሦስተኛው የሐሪንግተን ኧርል ሲሆኑ እናታቸው የንግሥት ሻርሎት የቅርብ አጃቢ ወይዘሮ ነበሩ። ስለዚህ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ወግ ስታይ ነው ያደገችው። ያኔ ሻይ ከቻይና በመርከብ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። ጌቶች ቤት ሻይ የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እመቤቲቱ ዘንድ ይውላል። የሚገርመው ግን አና ማሪያ በተወለዱ በዓመቱ በ1784 የእንግሊዝ መንግሥት የሻይን ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አወረደው። ኮንትሮባንዲስቱ ከሰረ፣ ሻይም ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሕዝብ ቤት ገባ።

በ1808 የታቪስቶክ ማርኩዊስ የነበሩትን ፍራንሲስ ረስልን አገቡ። በዓመቱ ዊሊያም የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። የረስል ቤተሰብ እንዲያው ዝም ብሎ ሀብታም ብቻ አይደለም፣ የፖለቲካ ቤተሰብ ነው። የባላቸው ወንድም ሎርድ ጆን ረስል በኋላ በ1846 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1837 ቪክቶሪያ በ18 ዓመታቸው ሲነግሡ 53 ዓመት የሆናቸው አና ማሪያ ንግሥቲቱን እልፍኝ ድረስ ገብተው ከሚያገለግሉት ወይዛዝርት አንዷ ሆነው ተሾሙ።

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው የሚመረው።

በ1839 መጀመሪያ ላይ የንግሥቲቱ እናት አጃቢ የነበሩት ሌዲ ፍሎራ ሄስቲንግስ ሆዳቸው እየተነፋ መጣ። ሌዲ ፍሎራ ያላገቡ የ30ዎቹ ዕድሜ ሴት ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ወዲያው ተንሾካሾከ፤ አርግዛለች ተባለ። ወሬውን ከወይዛዝርቱ ክፍል አውጥተው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ያደረሱት ደግሞ አና ማሪያ ነበሩ። ሌዲ ፍሎራ ስማቸውን ለማጥራት ሲሉ በፌብሩዋሪ ወር በሁለት ሐኪሞች ፊት ለምርመራ ቀረቡ። እርግዝና እንደሌለም ተመሰከረላቸው። ምን ዋጋ አለው! ሴትየዋ ለካ የጉበት ሕመምተኛ ኖረዋል፤ ጁላይ 5 ቀን 1839 አረፉ።

ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሌዲ ፍሎራ ለአጎታቸው የጻፉት ደብዳቤ ዘ ኤግዛሚነር ላይ፣ የእናታቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ሞርኒንግ ፖስት ላይ ታተሙ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ወጣቷ ንግሥት ሳይቀሩ በአደባባይ ተነወሩ። እኔ እንደ አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ቆም አልኩ። አና ማሪያ ወሬውን የፈጠሩት ሰው ናቸው ለማለት አልደፍርም። የንግሥቲቱ ቤት ክብር አሳስቧቸው ይሆናል። ግን እኮ በሽተኛዋን ቀርቦ ምን ሆነሻል ብሎ መጠየቅ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ይልቅ ይቀርብ ነበር። አንዲት ጥያቄ ቀድማ ብትጠየቅ ኖሮ ሕመሙን ባታድን እንኳ ውርደቱን ታስቀር ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የባላቸው አባት ሲሞቱ ፍራንሲስ ሰባተኛው የቤድፎርድ ዱክ፣ አና ማሪያም ዱቼዝ ሆኑ። ዎበርን አቢ የሚባለው ሰፊ ግቢም የእሳቸው ቤት ሆነ። በ1841 መንግሥት ሲለወጥ የቤተ መንግሥቱን አገልግሎት ተዉ። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚሁ ዓመት ባለቤታቸውን ልዑል አልበርትን ይዘው ዎበርን ድረስ መጥተው ጎብኝተዋቸዋል።

የሻዩ ታሪክ የሚመጣው እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ነው። በዘመኑ የጌቶች ቤት እራት እየመሸ እየመሸ ሄዶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ደርሶ ነበር። ምሳ ደግሞ ቀለል ያለ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው ዱቼዟ ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ባዶ ባዶ እያለ ስላስቸገራቸው ሻይና ቅቤ የተቀባ ስስ ዳቦ ክፍላቸው ድረስ እንዲመጣላቸው አዘዙ። መጀመሪያ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ ጓደኞቻቸውን ጠርተው መጠጣት ጀመሩ። ጓደኞቹም በየቤታቸው ወሰዱት።

ይሄ ታሪክ ማስረጃው ምንድን ነው? ዋናዋ ምስክር ፋኒ ኬምብል የተባለች ታዋቂ ተዋናይት ናት። በ1842 ቤልቮር በተባለው የሩትላንድ ዱክ ግንብ በእንግድነት ሳለች ወደ ዱቼዟ ክፍል ተጠርታ፣ ዱቼዟ በራሳቸው ማንቆርቆሪያ ሻይ ሲያዘጋጁ አግኝታቸዋለች። ልማዱም ከዚያ ብዙ ቀድሞ የነበረ አይመስላትም። ይህን የያዘው ትዝታዋ የታተመው ግን በ1882 ነው፤ ከነገሩ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሷ ማየቷን እንመናት። ማየቷ ግን ዱቼዟ የመጀመሪያዋ ሰው መሆናቸውን አያረጋግጥም። የከሰዓት በኋላ ሻይን ፈጠሩ ከማለት ይልቅ ወግ አደረጉት፣ አስለመዱት ማለቱ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ወጉ ራሱ ደስ ይላል። እኛ ሻያችንን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር እናንተከትከዋለን። እነሱ ግን ቅጠሉን አይቀቅሉትም። የሸክላ ጀበናውን በፍል ውኃ ያሞቁና ቅጠሉን ጨምረው የፈላ ውኃ ያፈሱበታል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል፣ ከዚያ ተጠልሎ በስስ ስኒ ይቀዳል። አጠገቡ ኪያር የገባበት ጠርዙ የተቆረጠ ሳንድዊች፣ ትንንሽ ኬክ፣ ኋላ ኋላም ማርማላታና ወፍራም ክሬም የሚቀባ ስኮን ተጨመረ። አንዱ ጉርሻ ሁለት ጊዜ አይጎረስም፣ ሁሉም ትንንሽ ነው። ሆዱን ሊሞላ የመጣ ሰው ያፍራል! ሃይ ቲ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱ ከሥራ ደክሞ የገባ ወዛደር አመሻሽ ላይ ከሥጋና ከዳቦ ጋር የሚበላው እራት ነበር።

ይህች ስስ ስኒ ግን ከባድ ነገር ተሸክማለች። ያ ክፉ ዓመት 1839 የሕንዱ አሳም ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ በጨረታ የተሸጠበት ዓመት ነው። እንግሊዝ ለቻይና ሻይ የምትከፍለውን ገንዘብ ለማግኘት ሕንድ ውስጥ የበቀለ ኦፒየም ለቻይና ትሸጥ ስለነበር በዚያው ዓመት ጦርነት ተነስቶ እስከ 1842 ቆየ። ስኳሩም ቢሆን በካሪቢያን ደሴቶች ባሪያዎች ሲያመርቱት የኖረ ነው፤ ባርነቱ በሕግ የቀረው በ1834 ነበር። ዱቼዟ በክፍላቸው ሻይ ሲቀዱ ይህ ሁሉ ከስኒው በስተጀርባ አለ።

አና ማሪያ ጁላይ 3 ቀን 1857 በ73 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ባሉ ትልልቅ ሆቴሎች ሻይ የሚጠጣ እንግዳ ስማቸውን በበጎ ይሰማል፤ የሌዲ ፍሎራን ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሰው በሻይም በወሬም ይሰባሰባል፣ ሁለቱም ሲሞቁ ይጣፍጣሉ። እኛ ነገ ወሬ ይዘን ወደ ሕዝብ የምንወጣ ተማሪዎች ስለሆንን ከዱቼዟ ወጉን እንውሰድ። ከሌዲ ፍሎራ ደግሞ ይህን እንያዝ፦ የሰማነውን ከማድረሳችን በፊት የተወራበትን ሰው እንጠይቅ።

መልካም መቅሰስ!