ከደረስጌ እስከ መቅደላ

ፒያሳ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ሰው ብዙ ወሬ ይሰማል። እኔም ባለፈው ክረምት አንድ የላንድክሩዘር ሹፌር ስለ ቧሂት በረዶ ሲያወራ ሰማሁ። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በረዶ በጣለ ቀን ዳገቱ ላይ ሲንሸራተት ያዳነው የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያው እንደሆነ ነገረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ችግሩ አንዱ ጎማ በረዶ ወይም ጭቃ ላይ ሲያርፍ ይመጣል። እሱ በባዶ ይሽከረከራል፣ ጠንካራ መሬት የያዘው ደግሞ ይቆማል፤ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ መኪናው ንቅንቅ አይልም። መቆለፊያው ሁለቱን አስሮ እኩል ስለሚያዞራቸው የያዘው ጎማ መኪናውን ይገፋል። ደረቅ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን መፍታት ነው፤ አለዚያ መታጠፍ ይከብዳል፣ ጥርሱም ይጎዳል።

ሹፌሩ ይህን ሲያስረዳ የኔ ዓይን ሐውልቱ ላይ ነበር። ደረስጌ ማርያም፣ ሰውየው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን፣ ያለችው እዚያው ጃናሞራ ነው። ደግሞም ከባድ ጭነት በጎማ ተራራ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ እንደሳቸው የቀመሰ ንጉሥ ያለ አይመስለኝም።

ካሳ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ነው፣ የቋራ ልጅ። ፔኬር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1827 ዲፈረንሻልን ለእንፋሎት ሠረገላ ሲሠራ እሱ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ መሆኑ ነው። ሲያድግ ሸፈተ፣ ከዚያ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ግብፆች በመድፍ መቱት። እኔ እንደማስበው የመድፍ ፍቅሩ የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ጉር አምባ፣ ታኩሳ፣ አይሻል፤ መጨረሻ ላይ ደረስጌ። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰቡት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ ቀቡት፣ ካሳም ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

መድፍ ከውጭ ማግኘት ሲያቅታቸው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የነበሩትን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ራሳቸው እንዲሠሩ አስገደዷቸው። ሴባስቶፖል እንዲህ ተወለደ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን። መሥራቱ አንድ ነገር ነው፤ ማንቀሳቀሱ ሌላ።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ተጀመረ። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተጠረገ ነበር የሚኬደው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ጎማ ባለው ሠረገላ መውረድና መውጣት ነበረባቸው። እዚህ ላይ የሹፌሩ ወሬ መጣብኝ። የሠረገላው ጎማ በራሱ ኃይል አይዞርም፤ የሚጎትተው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነው። ስለዚህ መሬት መያዝ ያለበት ጎማው ሳይሆን የሰዎቹ እግር ነው። ዳገት ላይ አንዱ ቢያዳልጠው ገመዱን የያዙት ሌሎቹ ይሸከሙታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ገመዱ ወደ ኋላ ዞሮ ሁሉም እንደ ፍሬን ይሆናሉ። ይህ ሁሉ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው።

እዚህ ጎንደር ተቀምጦ ስለሳቸው የሚጽፍ ሰው ግን ሌላውንም መናገር አለበት። በ1859 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ዘርፈው አቃጥለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ጭምር። ሐውልቱ የቆመው ባቃጠሏት ከተማ ላይ ነው። መድፉ በሚጎተትበት ጊዜ ሸዋ በምኒልክ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበር፤ የሳቸው ግዛት ሠፈራቸው ካለበት ብዙም አያልፍም ነበር። ገመድ የሚይዘው ሰው ቢገኝም አገሩ ከእጃቸው አምልጧል።

ከባሕሩ በኩል ደግሞ ናፒየር የራሱን መንገድ እየጠረገ መጣ፣ ከባድ መድፎቹን ለ44 ዝሆኖች አሸክሞ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ የንጉሡ ሠራዊት ተመታ። ሴባስቶፖል የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። በፋሲካ ማግሥት እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እንግሊዞቹ ከመቅደላ ታቦቱን፣ ዘውዱን፣ የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱ። ሴባስቶፖልን አልወሰዱም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ምሳሌው ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።