ከቅኔ ጉባኤ ወደ ቴያትር መድረክ፦ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አጭር የሕይወት ታሪክ

የጣና ዳር ልጆች ሆነን በጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበን የወጣን ሁሉ፣ ካህናቱና ደብተሮቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲዘምሩ አይተናል። አንደኛው ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው ሲያዘግም እግርም ያዘግማል፤ ሲፈጥንም እጅና እግር አብረው ይፈጥናሉ። በዚህ ሥርዓት ያደጉ አንድ የጎጃም ሰው ከአማርኛ ቴያትር ጀማሪዎች አንዱ እንደ ነበሩ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኒህ ሰው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

ዮፍታሔ በ1880ዎቹ ዓመታት ጎጃም ውስጥ በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ደብር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውባታል። በዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ ኑሮ የችግር ኑሮ ነበር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ይማራል፤ ሲመሽም በጎጆው ተቀምጦ ለነገ የሚቀኘውን ያወጣል፣ ያወርዳል። ዮፍታሔ በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት ዜማና ቅኔ ከተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቤተ ክህነት አገለገሉ፤ የቀኝ ጌታነትም ማዕርግ ነበራቸው። ቀኝ ጌታ በማኅሌት ጊዜ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን መዘምራን የሚመራ ነው።

ቴያትር በዚያን ጊዜ ለአገራችን እንግዳ ነገር ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የተባለውን ድርሰት አዘጋጅተው ቢያሳዩ፣ በአውሬዎች ምሳሌ የመንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከዚህም ሌላ በሰው ፊት የሚጫወትና የሚዘፍን ሁሉ አዝማሪ እየተባለ ይናቅ ነበር። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን የተከበረ የቅኔ ዐዋቂ ወደ መድረክ ሲወጣ ክብሩን ለሐሜት አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ዮፍታሔ ግን ይህን አልፈሩም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቻቸውን ተዋንያን አድርገው ቴያትር ማሳየት ጀመሩ። ሴቶች ወደ መድረክ ስለማይወጡ የሴቱን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከድርሰቶቻቸው አንዱን «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ብለው ሰየሙት፤ ጨዋታ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ስሙ ብቻ መልስ ይሆነዋል። «ምስክር»፣ «እያዩ ማዘን» እና «አፋጀሽኝ» የተባሉትም የእሳቸው ናቸው። ከአርመናዊው የሙዚቃ መምህር ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋርም በኅብረት ሠሩ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ተማሪዎች በየጠዋቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥር ሲዘምሩት የኖሩት ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የናልባንዲያን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። የጠላት ጦር በድንበር ላይ ሲከማች፣ ሕዝቡ አገሩን እንዲጠብቅ በንግግርና በግጥም ከሚቀሰቅሱት መካከል ዮፍታሔ አንዱ ነበሩ። ጠላት አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ እንዲህ ያለ ብዕር የያዘ ሰው ለሕይወቱ ዋስትና አልነበረውም፤ ስለዚህ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ተማሪዎቻቸውና መድረካቸው ተበተኑ፤ ብዕራቸው ግን በስደትም አላረፈም። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነጻ ስትወጣ ተመልሰው በመንግሥት ሥራ አገለገሉ።

በ1939 ዓ.ም. ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትልቁ ቴያትር ቤት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የሚባለው፣ ሲከፈት እሳቸው አላዩትም። ከዚያ ወዲህ በመድረክም ሆነ በፊልም ስማቸው የተጠራ ብዙ ተዋንያን ተነሥተዋል። መንገዱን የጠረጉት ግን ዮፍታሔና በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ እሳቸው የደከሙት መላኩ በጎሰው፣ ከእነርሱም ጋር ስማቸው ያልተጻፈ የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ናቸው።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አዲስ ጥበብ ለመጀመር የግድ የአባቶችን ትምህርት መጣል አያሻም፤ ዮፍታሔ ከማኅሌቱ የተማሩትን ወደ መድረኩ ይዘውት ሄዱ። ሁለተኛው ለወላጆች ነው፤ ልጅዎ በትምህርት ቤት ቴያትር ቢጫወት ጊዜውን እንዳባከነ አይቁጠሩበት። የአገራችን ቴያትር ብዙ ያደገው በተማሪ ቤት አዳራሽ፣ የሴት ልብስ ለብሶ መሳቂያ መሆንን ባልፈራ ልጅ ነውና።