የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድና ሊቅነት

በእንግሊዝኛ ባሕር የሚለውና አየ የሚለው ቃል ሲነገሩ ሁለቱም «ሲ» ናቸው፤ የሚለያዩት በጽሕፈት ነው። በአማርኛ ደግሞ «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። እንዲህ ባለው ቃል እየተጫወቱ ስማቸውን ያስጠሩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. ገደማ በፎገራ ናበጋ ተወለዱ። ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔን ተማሩ፤ በጎንደርም አስተማሩ። በአፄ ቴዎድሮስና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ታላላቆቹን በሰሙ እያሳቁ በወርቁ ይነኩ እንደ ነበር ይነገራል። ዝም ከማለትና ፊት ለፊት ከመዝለፍ ሌላ ሦስተኛ መንገድ ያገኙት በቃል ጨዋታ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. ገደማ ካረፉ በኋላ ግን ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ በስማቸው እየተለጠፈ ሊቅነታቸውን ሸፈነው። ነገር ግን ከጣና ማዕበል ወስደው አዘጋጁት የሚባለው፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም እስከ ዛሬ በደብረ ታቦር ይመሰከራል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ የአለቃ ትምህርት ሕያው ነው።

ስለዚህ እኛ የቆሰበር ተማሪዎች በቀልዳቸው በሳቅን ቁጥር፣ አንዱን ቃል ከሁለት ለመክፈል ስንት ዘመን እንደ ተማሩ እናስብ።