አልበርት ሰንት ጆርጂ፦ ከእራት ሳህኑ ላይ ቃሪያ አንስቶ ወደ ላቦራቶሪ የሮጠው ሐኪም

ቃሪያ ጉንፋን ያባርራል፣ በርበሬ ደም ያጠራል፣ ሚጥሚጣ ሆድ ያጸዳል ሲባል ያልሰማ ማን አለ? አንዱ የሚጠቅመው ሲያቃጥል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ጨጓራዬን ብሎ ይሸሸዋል። ለመሆኑ ቃሪያ ውስጥ ያለው ጥቅም ምንድን ነው? ማቃጠሉ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የዚህን ጥያቄ መልስ የአንድ ሃንጋሪያዊ ሐኪም ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን። ስሙ አልበርት ሰንት ጆርጂ ነው። የቤተሰብ ስሙ በሀገሩ ቋንቋ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተወሰደ ነው። ታሪኩን እነሆ ብለናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበርት በ1893 ቡዳፔስት ውስጥ ተወለደ። በእናቱ ወገን ያሉት ዘመዶቹ ስመ ጥር የሕክምና ሊቃውንት ነበሩ። እሱ ግን መጽሐፍ የማይወድ፣ ፈተና ሲደርስ አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅ ነበር። የአናቶሚ ፕሮፌሰር የነበረው አጎቱ ከዚህ ልጅ ሳይንቲስት አይወጣም ብሎ ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ልጁ ወደ መጨረሻዎቹ የትምህርት ዓመታት ነቃ ብሎ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ አጎትየው ትንሽ ለዘብ አለ። ሕክምና ሲገባም ምርምር እንዲጀምር ፈቀደለት፤ ግን የሰጠው ርዕስ ስለ ፊንጢጣ ነበር። ምክንያቱም አጎትየው ራሱ ኪንታሮት ነበረበት። የወደፊቱ የኖቤል ተሸላሚ የሳይንስ ሕይወቱን የጀመረው እንዲህ ነው።

ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና በሕክምና ክፍል ውስጥ ዘመተ። ለጀግንነቱ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በ1916 ግን ጦርነቱ እንደተሸነፈ፣ የሚረግፈው ወጣትም በከንቱ እንደሚረግፍ አመነ። ሽጉጡን አወጣና የገዛ ክንዱን ተኩሶ መታ። የጠላት ጥይት ነው ብሎም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቢደረስበት ኖሮ የሚጠብቀው የጦር ፍርድ ቤት ነበር። በ1917 ሕክምናውን ጨርሶ ተመረቀ፣ በዚያው ዓመትም ትዳር መሠረተ።

ከጦርነቱ በኋላ ሀገሩ ተቆራረሰች፣ ኑሮም ከበደ። አልበርት ከፕራግ በርሊን፣ ከበርሊን ሃምቡርግ፣ ከዚያም ወደ ኔዘርላንድስ እየተዘዋወረ በትንሽ ደሞዝ ይመራመር ነበር። በዚያ ዘመን አእምሮውን የያዘው ጥያቄ የማንኛችንም ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ድንችና ፖም ተቆርጠው ሲቀመጡ ለምን ይጠቁራሉ? ሎሚና ብርቱካንስ ለምን አይጠቁሩም? አንድ የሚከላከልላቸው ንጥረ ነገር እንዳለ ገመተ። ከኩላሊት በላይ በምትቀመጠው አድሬናል በምትባል ዕጢ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አየ።

ግን ሰሚ አልነበረውም። ይደግፈው የነበረው ፕሮፌሰር ሞተና በቦታው የተተካው ሰው ሥራውን ናቀበት። ሚስቱንና ልጁን ወደ ቤተሰቦቿ ላከ፤ እሱ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሶ ነበር። ከመጨረሻው በፊት ብሎ በ1926 ስቶክሆልም ወደተካሄደ ጉባኤ ሄደ። እዚያ የእንግሊዙ ታላቅ ሳይንቲስት ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ ንግግር ሲያደርግ የዚህን የማይታወቅ ሰው ስም ደጋግሞ ሲያነሳ ሰማ። አልበርት እንደምንም ደፍሮ ቀርቦ ተዋወቀው፤ ሆፕኪንስም ወደ ካምብሪጅ እንዲመጣ ጋበዘው። አንድ ሰው ስሙን በበጎ ስላነሳው ሕይወቱ ተረፈ ብንል አላጋነንም።

ካምብሪጅ ውስጥ ያንን ንጥረ ነገር ነጭ ክሪስታል አድርጎ አወጣው። ምንነቱን ግን አያውቅም። ስኳር ነክ መሆኑን ስላየ የስኳሮችን ስም አጨራረስ ተከትሎ በእንግሊዝኛ አላውቅም የሚል ትርጉም ያለው የቀልድ ስም ሰጠው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ተቆጥቶ መለሰበት። እሱም እግዜር ይወቀው የሚል ሌላ ስም ይዞ መጣ! በመጨረሻ ሄክሱሮኒክ አሲድ በሚለው ተስማሙ።

ቀጥሎ አሜሪካ ተሻገረ። እዚያ ካሉ ትልልቅ የከብት ማረጃ ቄራዎች ዕጢ እየሰበሰበ፣ ያን ሁሉ ደክሞ ያገኘው ግን 25 ግራም ያህል ብቻ ነበር። የተወሰነውን ለእንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኖርማን ሃዎርዝ ላከለት፤ ነገር ግን የንጥረ ነገሩን አሠራር ለይቶ ለማወቅ አልበቃም። ተጨማሪ ይገኝበታል የተባለ ምንጭ አልነበረም።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ስከርቪ የሚባል በሽታ ለዘመናት መርከበኞችን ሲፈጅ ኖሯል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል ሳይቀር ተመልሶ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ይገድላል። ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም በ1747 ብርቱካንና ሎሚ በሽተኞችን እንደሚያድን አሳይቶ ነበር። ፍሬው ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ግን ከ180 ዓመት በኋላም አልታወቀም። ቫይታሚን ሲ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር እንጂ በእጁ የያዘው ሰው አልነበረም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አልበርት ወደ ሀገሩ ተመልሶ ሴገድ በምትባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ጆሴፍ ስቪርቤሊ የሚባል ወጣት ኬሚስት ከአሜሪካ መጥቶ ተቀላቀለው። ሁለቱ ሄክሱሮኒክ አሲዱን ጊኒ ፒግ ለሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ሰጡ። እነዚህ እንስሳት እንደኛው እንደ ሰዎች ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ማምረት አይችሉም። ንጥረ ነገሩን ያገኙት ጤነኛ ሆኑ፤ ያላገኙት በስከርቪ ሞቱ። ለካ አልበርት ለዓመታት ይዞት የዞረው ነገር ቫይታሚን ሲ ራሱ ኖሯል!

እዚህ ላይ ጸብ ተነሳ። ስቪርቤሊ ቀደም ሲል አብሮት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ግሌን ኪንግ በሚያዝያ 1932 ተመሳሳይ ግኝት አሳተመ። የአልበርትና የስቪርቤሊ ጽሑፍ የወጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለረጅም ዓመታት ዘለቀ።

ክርክሩ እንዳለ ሆኖ ትልቁ ችግር አልተፈታም። ንጥረ ነገሩ አልቋል። እና አንድ ምሽት ሚስቱ ለእራት ቃሪያ አቀረበችለት። ሴገድ ማለት የሃንጋሪ የቃሪያና የበርበሬ ዋና ከተማ ናት፤ መንደሩ ሁሉ በየግድግዳው የተንጠለጠለ ቀይ በርበሬ የሚደርቅበት ነው። አልበርት ያን ምሽት መብላት አላሰኘውም። እንቢ ማለቱ ደግሞ ከበደው። በዚህ መሀል አንድ ነገር ትዝ አለው። ያን ሁሉ ተክል ሲመረምር ይህቺን አንድም ቀን አልሞከራትም! ሳህኑን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። እኩለ ሌሊት ገደማ ቃሪያው በቫይታሚን ሲ የታጨቀ መሆኑን አወቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ወደ 1.5 ኪሎ የሚጠጋ ንጹህ ክሪስታል አመረተ። ከባሕር ማዶ ቄራ በግራም የለቀመው ነገር በሚኖርበት ከተማ ገበያ በጆንያ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ያገኘውን ደብቆ አላስቀመጠም። ሊመራመሩበት ለፈለጉ ሳይንቲስቶች አከፋፈለው። ሃዎርዝ አሠራሩን ፈታው፤ ሁለቱም ስከርቪን የሚከላከል እንደማለት አስኮርቢክ አሲድ ብለው ሰየሙት። በ1937 አልበርት በሕክምና፣ ሃዎርዝ ደግሞ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ኪንግ አልተካተተም።

ማቃጠሉስ? እሱን የሚያመጣው ካፕሳይሲን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ከቫይታሚን ሲ ጋር አይገናኝም። የሚገርመው እሱንም በጥልቀት ካጠኑት አንዱ በዚያችው በሴገድ የሠራው ሚክሎሽ ያንቾ ነው። ካፕሳይሲን ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችን መጀመሪያ አቃጥሎ በኋላ እንደሚያደነዝዛቸው አሳየ። ዛሬ በየፋርማሲው ለነርቭና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጡ የካፕሳይሲን ቅባቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

አልበርት ከሽልማቱ በኋላ አርፎ አልተቀመጠም። ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር ከባልደረቦቹ ጋር ያጠናው ሥራ እስከዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሃንጋሪ ከናዚ ጀርመን ጎን ቆመች፤ እሱ ግን ናዚዎችን ይጠላ ነበር። በ1943 ንግግር ላቀርብ ነው ብሎ ኢስታንቡል ሄደና ከእንግሊዞች ጋር በምስጢር ተነጋገረ። ወሬው ሂትለር ጆሮ ደረሰ። ጀርመኖች በ1944 ሃንጋሪን ሲይዙ ታዳኝ ሆነ። የስዊድን ኤምባሲ ዜግነት ሰጥቶ ሸሸገው፤ ከቤት ቤት እየተደበቀ ጦርነቱን አሳለፈ። በኋላ ደግሞ የሶቪየቶቹ አገዛዝ ሲከፋበት በ1947 ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል በምትባል የባሕር ዳር መንደር ምርምሩን ቀጠለ። ካንሰር ሚስቱንም ሴት ልጁንም ነጠቀው። ቀሪ ዕድሜውን በሽታውን ለመረዳት ቢያውለውም መድኃኒቱን ሳያገኝ በ1986 በ93 ዓመቱ አረፈ። በሴገድ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ማዕድ ምን ይነግረናል? 100 ግራም ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ ውስጥ 240 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለ። በተመሳሳይ መጠን ብርቱካን ውስጥ ያለው 50 ገደማ ነው። አዋቂ ሴት በቀን 75፣ ወንድ 90 ሚሊግራም ቢያገኙ ይበቃል፤ 40 ግራም የማይሞላ ጥሬ ቃሪያ ማለት ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከምስር፣ ከሽሮና ከጤፍ የምናገኘውን አይረን ሰውነታችን በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። በተለይ በጾም ወቅትና ደም ማነስ ላለባቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይወድም። ቃሪያ ሲቀቀል፣ በርበሬ በፀሐይ ሲሰጣና ሲቆላ ብዙው ይጠፋል። በርበሬ ቀይ ቀለሙ ውስጥ ለቫይታሚን ኤ የሚሆን ነገር ይዞ ይቆያል፤ ለቫይታሚን ሲ ግን ጥሬው ቃሪያ ይሻላል። ስንጉን ወዲህ በሉ!

ጨጓራው የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ጤና ይሰጠኛል ብሎ እየተቃጠለ መሰቃየት የለበትም። ጥቅሙ ያለው ማቃጠሉ ላይ ስላልሆነ የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ፣ ብርቱካን ወይም ጓቫ ይበቃዋል። ጉንፋን ያባርራል የሚለውም ተጋኗል፤ ቫይታሚን ሲ ዘወትር የሚወስድ ሰው ጉንፋኑ ትንሽ ቶሎ ይለቀው ይሆናል እንጂ ጨርሶ አይድንበትም። ሴገድ ላይ በዚያ ሌሊት የተገኘው ተአምር አልነበረም። ድሃውም ሀብታሙም ከገበያ በሳንቲም የሚገዛው፣ ስሙ ያልታወቀ መድኃኒት ነበር። ቸር ይግጠመን።