ሎውሰን ቴት እና የፈነዳው ቱቦ

ሮበርት ሎውሰን ቴት እ.ኤ.አ. በ1845 ዓ.ም. በስኮትላንድ ርእሰ ከተማ በኤድንብራ ተወለዱ። ሕክምናን በዚያው ተምረው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩና በዌክፊልድ ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ኑሯቸውን በበርሚንግሃም አደረጉ። በ1871 በተከፈተው የከተማይቱ የሴቶች ሆስፒታል ውስጥም ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ ሠሩ። ቁጡና ተከራካሪ ነበሩ። የሊስተርን የካርቦሊክ አሲድ ዘዴ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ነገር ግን እጃቸውንና መሣሪያቸውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳያጸዱ ሆድ አይከፍቱም ነበር። ክርክራቸው የተሳሳተ ቢሆንም ልማዳቸው ሕሙማኑን ጠቅሟል።

በዚያ ዘመን ከማኅፀን ውጭ የሚያድግ ፅንስ የሞት ፍርድ ያህል ይቆጠር ነበር። ፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ቀጭን ስለ ሆነ እንደ ማኅፀን ሊለጠጥ አይችልም። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይፈነዳል፤ ደሙም ወደ ውጭ ሳይታይ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። የፊላደልፊያው ሐኪም ጆን ፓሪ በ1876 አምስት መቶ ያህል ሕሙማንን የሚመለከት መዝገብ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከሦስቱ ሁለቱ መሞታቸውን አገኙ። ሐኪሞች ግን ሕመምተኛይቱን አስተኝተው ከመጠበቅ በቀር የሚያደርጉት እምብዛም አልነበረም።

በ1881 ዶክተር ሆልራይት የተባሉ ሐኪም ቴትን ለምክክር ጠሩ። ሆልራይት ቱቦው መፈንዳቱን በትክክል ተረድተው ሆዷ ተከፍቶ ቱቦው እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ሆድ በመክፈት የታወቁት ቴት ግን አልደፈሩም፤ ሴትዮዋም ደሟ ፈስሶ ሞተች። ከአስከሬን ምርመራው በኋላ ቴት የወጣውን አካል በእጃቸው ይዘው ሲመለከቱ፣ ቱቦውን ደግፎ የያዘው ሽፋን በክር ቢታሰር ኖሮ ደሙ ይቆም እንደ ነበረ ተገነዘቡ። ይህንንም አልሸሸጉም፤ እምቢታቸውንና ውጤቱን ራሳቸው ጽፈው ለሙያ ባልደረቦቻቸው አሳወቁ። ከቀዶ ሕክምናቸው ሁሉ ይህ ይበልጥ ሊደነቅ ይገባዋል።

በጥር 1883 ተመሳሳይ ሕመምተኛ ስትመጣ ቴት ሆዷን ከፈቱ። ሆኖም አስቀድመው የተጣበቀውን ለማላቀቅ ስለ ሞከሩ ደሙ በረታ፤ እርስዋም ሞተች። ትምህርቱ ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነበር፦ በመጀመሪያ የደም ሥሩን ማሰር፣ ሌላው በኋላ። በመጋቢት 1883 በዚሁ ቅደም ተከተል የሠሩላት ሴት ዳነች። በ1888 ባሳተሙት መጽሐፍ ከአርባ በላይ ሕሙማንን መዘገቡ፤ ከእነዚህም መካከል የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የሆርሞን ምርመራና አልትራሳውንድ ፅንሱ ያለበትን ቦታ ቱቦው ሳይፈነዳ ያሳውቃሉ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት አንዳንዶችን ከቢላዋ አድኗል። በአገራችን ግን ብዙዎቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት ቱቦው ከፈነዳ በኋላ ነው። የወር አበባ የቀረባት፣ በታችኛው ሆዷ የሕመም ስሜት ያላትና ራስዋን የሳተች ሴት በተረኛው ሐኪም ፊት ስትቀርብ፣ የሚጠብቃት ሥራ በመሠረቱ በበርሚንግሃም የተሠራው ነው፦ ደም መተካት፣ ሆድ መክፈት፣ ማሰር፣ ቱቦውን ማውጣት። የሚያሰጋውም እንደ 1881ዱ ማመንታቱ ነው።

ቴት በ1899 በዌልስ የባሕር ዳርቻ በላንዲድኖ በኩላሊት ሕመም ሲያርፉ የ54 ዓመት ሰው ነበሩ።