ኤሚሊ ዱ ሻትሌ እና የምትነጥር ኳስ ኢነርጂ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ሊቃውንት በአንድ ጥያቄ ለሁለት ተከፍለው ነበር። የዴካርት ተከታዮች በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የያዘው ኃይል የሚለካው መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ተባዝቶ ነው ሲሉ፣ የላይብኒዝ ደጋፊዎች ግን መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ስኩዌር መባዛት አለበት ብለው ይሟገቱ ነበር። ይህንንም ልኬት «ሕያው ኃይል» ብለው ሰየሙት። ክርክሩን በማስረጃ ካጠናከሩት መካከል ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ከፍ ያለ ስፍራ አላት።

ዱ ሻትሌ እ.ኤ.አ. በ1706 በፓሪስ ተወለደች። በ1725 ትዳር መሥርታ ሦስት ልጆች ወለደች። በዘመኑ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ለሴቶች ዝግ ስለ ነበር፣ ሞፐርቱዊንና ክሌሮን የመሳሰሉ የሒሳብ ሊቃውንት በግል አስተማሯት። ከቮልቴር ጋር በሲሬ በሚገኘው መኖሪያዋ ተቀምጣ ሙከራዎችን ታካሂድ ነበር። ስለ እሳት ባሕርይ ለአካዳሚው ውድድር ያቀረበችው ጽሑፍ ሽልማት ባያገኝም ታትሞ እንዲወጣ ተደረገ።

በ1740 ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ለሕያው ኃይል ተከራከረች። ከማስረጃዎቹ አንዱ የሆላንዳዊው ግራቨሳንደ ሙከራ ነው። ይህ ሊቅ የናስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ በለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ጥሎ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ያደገ ኳስ አራት እጥፍ የሆነ ጉድጓድ እንደሚያበጅ አሳይቶ ነበር። የአካዳሚው ጸሐፊ ሜራን በ1741 በጽሑፍ ሲነቅፋት፣ እርሷም በዚያው ዓመት ነጥብ በነጥብ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ የኒውተንን «ፕሪንሲፒያ» ወደ ፈረንሳይኛ መመለስ ጀመረች። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኒውተን በክር የተንጠለጠሉ ኳሶችን እያጋጨ ያገኘው ውጤት ሰፍሯል። ጠበቅ ተደርገው የተጠቀለሉ የሱፍ ኳሶች ከግጭት በኋላ የሚራራቁበት ፍጥነት ከተቀራረቡበት ፍጥነት 5/9 ሲሆን፣ የብርጭቆ ኳሶች 15/16 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ውድር በፍጥነት ብቻ የተሰላ ነው። ዱ ሻትሌ የተሟገተችለት ልኬት ሲሠራበት ግን ሌላ ነገር ይገለጣል፤ ይኸው ውድር ያለው የሱፍ ኳስ ጽኑ ወለል ላይ ወድቆ ሲነጥር የሚቀረው ኢነርጂ 25/81፣ ማለትም 31 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ብርጭቆው 88 በመቶ ገደማ ይይዛል። ኳሱ በነጠረ ቁጥር የሚደርስበት ከፍታም በዚሁ መጠን ይቀንሳል። የጎደለው ኢነርጂ አልጠፋም፤ ወደ ሙቀት፣ ወደ ድምፅና ወደ ውስጣዊ ንዝረት ተለውጧል።

በ1749 ዱ ሻትሌ በ42 ዓመቷ ፀነሰች። ከወሊድ እንደማትተርፍ በመስጋት ትርጉሙን ለመፈጸም ሌት ተቀን ሠራች። መስከረም ወር ላይ በሉኔቪል ሴት ልጅ ከወለደች ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈች፤ የእጅ ጽሑፉን ግን አስቀድማ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት አስረክባ ነበር። ሙሉው ትርጉም የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በተመለሰበት በ1759 ታተመ።

የኋላው ዘመን ሳይንስ ሁለቱም ልኬቶች ትክክል መሆናቸውን አረጋግጧል፤ አንዱ ሞመንተም ሲባል፣ ሌላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በግማሽ ተባዝቶ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ተብሏል። የዱ ሻትሌ አስተዋፅኦ ቃሉን መፍጠሯ ሳይሆን፣ በሸክላ ላይ የቀረው የኳስ ጉድጓድ ከታላላቅ ስሞች ሥልጣን በላይ እንዲመዘን መሟገቷ ነው።